ሕግ ኃይልን ሲለካ፦ የጃፓን አሻንጉሊት ጠመንጃና የተኩስ ፍጥነት ታሪክ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ የተስተካከለ።



የታሪክ ሰው ስለ አሻንጉሊት ሊናገር ሲነሣ አድማጩ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ፈገግታችሁን በደስታ እቀበላለሁ። በጠረጴዛው ላይ ተፈታትታ የምታዩዋት ትንሽ የብረት ሳጥን በጃፓን ከ1991 ጀምሮ ለሚሠሩ የኤሌክትሪክ አሻንጉሊት ጠመንጃዎች እንደ ልብ ሆና የምታገለግለው ዓይነት ናት። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላሳስብ። በሳጥኗ ውስጥ ሦስት ማርሾች፣ አንድ ሞላ፣ አንድ ፒስተንና አንድ ሲሊንደር አሉ። ባሩድ የለም፤ እሳትም የለም። የምትተፋው ስፋቷ 6 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ ብዙውን ጊዜ አንድ አምስተኛ ግራም የሆነች የፕላስቲክ እንክብል ናት። ይህን መሣሪያ ዓለም «ኤርሶፍት» ብሎ ያውቀዋል።

የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። የዚህች ሳጥን ባለቤቶች እርሷን ፈትተው፣ ማርሿን ለውጠው፣ ጥርሷን ሞርደው፣ በሰከንድ 15 ያህል እንክብል ትተፋ የነበረችውን 25፣ ከዚያም አልፎ 40 እና 50 እንድትተፋ ለማድረግ ይህን ያህል የደከሙት ስለምን ነው? የተለመደው መልስ «ሰው ፈጣን ነገር ስለሚወድ ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ሐሰት ባይሆንም ለታሪክ ጸሐፊ አይበቃም፤ ሰው ኃይለኛ ነገርም ይወዳልና። ምኞቱ ኃይልን ትቶ ወደ ፍጥነት ያዘነበለበትን ምክንያት ስፈልግ ሁለት ነገሮች አገኘሁ፤ አንደኛው የጃፓን ሕግ የለካውና ሳይለካ የተወው ነገር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ከተመታው ሰው በቀር ሌላ ምስክር አለመኖሩ ነው።

ወደ ጃፓን ከመሻገራችን በፊት ግን ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። የተኩስ ፍጥነት ለአማርኛ እንግዳ አሳብ አይደለም። «መትረየስ» የምንለው ቃል ከፈረንሳይኛው «ሚትራዬዝ» የመጣ ሲሆን፣ መነሻው በመድፍ ታጭቆ የሚረጭ የብረት ስብርባሪ ስም ነው። ቀደምቶቻችንም ጠመንጃን በካዝናው አቅም ለይተው «ባለ አምስት ጎራሽ» ይሉ ነበር፤ መሣሪያው እንደ ሰው የሚጎርስ፣ ጉርሻውም የሚቆጠር መሆኑ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ የባዕድ አገር ታሪክ ቢሆንም አሳቡን በራሳችን ቃል ልንይዘው እንችላለን።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን የጦር መሣሪያን ከሕዝቧ እጅ አጥብቃ አራቀች። በ1958 የወጣው የጦር መሣሪያና የሰይፍ ቁጥጥር ሕግ ዛሬም መሠረቱ ሳይናወጥ ይሠራል፤ ተራው ዜጋ ሽጉጥ ሊይዝ አይችልም፤ የአደን ጠመንጃም ቢሆን በብዙ ፈተናና ፈቃድ ካልሆነ አይያዝም። በዚህ ክልከላ ጥላ ሥር በ1960ዎቹ «ሞዴል ሽጉጥ» የሚባለው ዕቃ አበበ። ይህ ከብረት የተቀረጸ፣ እንደ እውነተኛው የሚፈታና የሚገጠም፣ ክብደቱ በእጅ የሚሰማ፣ ነገር ግን ጥይት የማይተኩስ ቅጂ ነበር። ገዢዎቹ መሣሪያውን የሚወድዱት ለአሠራሩና ለመልኩ ሲሉ እንጂ ለተኩሱ አልነበረም።

ሕጉ ግን መልኩንም ተጠራጠረ። በ1971 በተደረገው ማሻሻያ የብረት ሞዴል ሽጉጦች አፈሙዛቸው እንዲደፈን፣ ቀለማቸውም ነጭ ወይም ቢጫ እንዲሆን ታዘዘ፤ በ1977 ደግሞ ቁጥጥሩ ይበልጥ ጠበቀ። የዕቃውን ውበት በጥቁር ብረትነቱ ይለካ የነበረ ሰብሳቢ ወርቅማ ቀለም የተቀባ ሽጉጥ ሲሰጡት ምን እንደ ተሰማው መገመት አያዳግትም። አምራቾቹ ወደ ፕላስቲክ ዞሩ፤ ፕላስቲክ በብረቱ ላይ በወጣው ድንጋጌ አይታሰርምና ጥቁር ሆኖ ሊሸጥ ቻለ። ከዚህ ላይ ዛሬ ደጋግሜ የማነሣውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ እናያለን። ሕጉ የለካው ብረቱንና ቀለሙን ነበር፤ ምኞቱ ደግሞ ካልተለካው በኩል መውጫ አገኘ። ብረቱ ሲነሣ ክብደቱ ጠፋ፤ ክብደቱን ያጣው ዕቃ በምትኩ አንድ ነገር መሥራት ነበረበት፤ እንክብል መወርወር ጀመረ።

የመጀመሪያዎቹ በሞላ የሚሠሩ ነበሩ። ተጫዋቹ ለእያንዳንዱ ተኩስ ሞላውን በእጁ ይወጥራል፤ ቃታውን ይስባል፤ ሞላው ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑ አየሩን ያምቃል፤ አየሩም እንክብሏን ያስወጣል። በ1980ዎቹ አጋማሽ የጋዝ ጠመንጃ መጣ፤ የሚገፋውም ለማቀዝቀዣ የተሠራው ፍሪዮን 12 ነበር። ያለ ማቋረጥ የሚተኩሱትን ለመመገብ ተጫዋቾች የጋዝ ጋን በጀርባቸው አዝለው በቱቦ እያገናኙ በጫካ ይሮጡ ነበር። በዚያ ዘመን የሚተኩሰውም የሚያጎርሰውም ያው አንዱ ጋዝ ስለ ነበር ግፊቱን የጨመረ ሰው የእንክብሏንም ኃይል ይጨምር ነበር። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ፍሪዮን የሰማዩን የኦዞን ሽፋን የሚበላ መሆኑ ታውቆ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ የበለጸጉት አገሮችም ምርቱን በ1995 ማብቂያ አቆሙ። የጃፓን የጋዝ ሽጉጦች ኤችኤፍሲ 134ኤ ወደሚባለው ተተኪ ተሸጋገሩ። እርሱም በተራው ምድርን የሚያሞቅ ሆኖ ተገኝቶ በ2016 በጎረቤታችን አካባቢ፣ በሩዋንዳዋ ኪጋሊ፣ አጠቃቀሙን ደረጃ በደረጃ የሚቀንስ ማሻሻያ ጸደቀ። የአሻንጉሊት ታሪክ እስከ ኪጋሊ ይደርሳል ብሎ የጠበቀ ከመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም። (ሳቅ)

በ1991 ቶኪዮ ማሩይ የተባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ የፈረንሳዩን ፋማስ ጠመንጃ ቅጂ በኤሌክትሪክ ሞተር አሠርቶ ለገበያ አቀረበ። የፋማስ ካዝና ከቃታው በስተኋላ የሚገባ በመሆኑ የማርሽ ሳጥኑ በወፍራሙ ሰደፍ ውስጥ ቦታ አገኘ። ኃይሉን የሚሰጠው 8.4 ቮልት የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነበር። ጋን፣ ቱቦና ጋዝ ቀሩ፤ በጋዝ ሽጉጥ ላይ የሚከብደው የክረምት ብርድም ያን ያህል አያሰናክለውም። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ የተሠሩት የኤሌክትሪክ ኤርሶፍት ጠመንጃዎች አብዛኞቹ የዚያ አሳብ ልጆች ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቃታው ሲሳብ ከባትሪው ወደ ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያልፋል። የሞተሩ ሽክርክሪት በመጀመሪያው ማርሽ፣ ከዚያም በሁለተኛው አልፎ ወደ ሦስተኛው ይደርሳል። ሦስተኛው ማርሽ የምስጢሩ ሁሉ መክተቻ ነው፤ ዙሪያውን በሙሉ ጥርስ የለውም። 16 ያህል ጥርሶች በከፊሉ ዙሪያ ላይ ተሰልፈው የቀረው ገላጣ ነው። ጥርሶቹ በፒስተኑ ሆድ ላይ ያሉትን ጥርሶች እየነከሱ ፒስተኑን ወደ ኋላ ይስቡታል፤ ሞላውም ይታመቃል። የመጨረሻው ጥርስ ሲያልፍ የሚይዘው ስለሌለ ሞላው ፒስተኑን ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ በዚያች ቅጽበት እንክብሏ ትወጣለች። ማርሹ ገላጣውን ጨርሶ ሲዞር የመጀመሪያው ጥርስ ፒስተኑን እንደ ገና ያገኘዋል። አንድ ዙር አንድ ተኩስ ነው።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኋችሁ ነጥብ ልመለስ። ሂራም ማክሲም በ1884 የሠራው መትረየስ ከራሱ ጥይት የሚመለሰውን ግፊት ተጠቅሞ ቀጣዩን ጥይት ያጎርስ ነበር። ስለዚህ ፍጥነቱ ከባሩዱ ኃይል ጋር የተጋባ ነው፤ በደቂቃ 600 ያህል ይተኩሳል። ከእርሱ ቀደም ብሎ በ1862 የፈጠራ መብት የተሰጠው ሪቻርድ ጋትሊንግ ግን መሣሪያውን በእጅ መዘውር ያዞር ነበር፤ በ1893 ደግሞ መዘውሩን በኤሌክትሪክ ሞተር ለሚተካ አሠራር የፈጠራ መብት አወጣ። በዚያን ጊዜ የሚፈልገው አላገኘም። አሜሪካኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለጄት አውሮፕላን የሚሆን ፈጣን መድፍ ሲሹ ግን ወደ እርሱ አሳብ ተመልሰው በደቂቃ 6,000 የሚተኩሰውን ቩልካን ሠሩ። በጋትሊንግ መንገድ ፍጥነት የሞተር ጉዳይ ነው፤ ኃይል ደግሞ የጥይቷ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱ ተፋትተዋል። የቶኪዮ ማሩይ አሻንጉሊት መልኩ የፋማስ ቢሆንም በዘር ሐረጉ የጋትሊንግ ልጅ ነው ብዬ የምከራከረው ስለዚህ ነው። በእርሱ ውስጥ የእንክብሏን ኃይል በዋናነት የሚወስነው ሞላው ሲሆን፣ ፍጥነቱን የሚወስኑት ሞተሩ፣ ባትሪውና ማርሹ ናቸው። አንዱን ሳይነኩ ሌላውን መለወጥ ይቻላል።

ሒሳቡን በጥቂቱ እንየው። በተለመደው ሳጥን ውስጥ ሞተሩ 18.7 ጊዜ ያህል ሲዞር ሦስተኛው ማርሽ አንድ ጊዜ ይዞራል። በሰከንድ 15 እንዲተኮስ ሞተሩ በሰከንድ 280፣ በደቂቃ 16,800 ጊዜ ያህል መዞር አለበት ማለት ነው። የሞተሩን ፍጥነት ሳይነኩ ማርሹን 13 ለ 1 በሚባለው ቢተኩት ያው ሽክርክሪት 21 ተኩስ ተኩል ይሰጣል። በነጻ የተገኘ ይመስላል፤ ዳሩ ግን መካኒክ የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው ማርሽ በፍጥነት የሰጠውን በጉልበት ያስከፍላል። መኪና በአምስተኛ ማርሽ ዳገት እንደማይወጣ ሁሉ በዚህ ማርሽ ያው ሞላ እንዲታመቅ ሞተሩ አንድ ተኩል ጊዜ ገደማ የሚበልጥ ጉልበት ማምጣት ይኖርበታል። ስለዚህ ማርሹን የለወጠ ሰው ሞተሩን ለመለወጥ ይገደዳል፤ ከተራው የፌራይት ማግኔት ወደ ሳማሪየም ኮባልት፣ ኋላም ወደ ኒዮዲሚየም ማግኔት ይሸጋገራል። አዲሱ ሞተር ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚጠጣ ባትሪው አይበቃውም። ከኒኬል ካድሚየም ወደ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ፣ ከዚያም 7.4 ወይም 11.1 ቮልት ወደሚሰጠው ሊቲየም ፖሊመር ይሄዳል። ብርቱው ባትሪ ደግሞ በቃታው ሥር ያሉትን የመዳብ መገናኛዎች ያቃጥላቸዋል፤ ቃታው በተሳበ ቁጥር ብልጭታ ይፈነጥቃል፤ መዳቡ ይጠቁራል፤ በመጨረሻም ኤሌክትሪክ አላሳልፍ ይላል። ለዚህ መድኃኒቱ ሞስፌት የሚባለው ትራንዚስተር ነው፤ ቃታው ጥቂት ምልክት ብቻ ይልካል፤ ከባዱን የኤሌክትሪክ ፍሰት ትራንዚስተሩ ይከፍታል፣ ይዘጋል።

በዚህ የእጅ ሥራ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚማርከኝ ይህ ሰንሰለት ነው። አንዱን ክፍል ያሻሻለ ሰው ቀጣዩን ደካማ ክፍል ፈልጎ ማግኘት አይጠበቅበትም፤ ራሱ ተሰብሮ ይነግረዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ስብራት ግን ሌላ ነው፤ እርሱን በገንዘብ ብቻ ማለፍ አይቻልም። ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚስበው ሞተሩ ነው፤ ወደ ፊት የሚመልሰው ግን ሞላው ብቻ ነው። ሞተሩን የፈለጉትን ያህል ቢያፈጥኑት ሞላው አይፈጥንም። በሰከንድ 15 ሲተኮስ ለአንድ ዙር 67 ሚሊ ሰከንድ ያህል አለ፤ በ25 ጊዜው ወደ 40 ይወርዳል፤ በ50 ደግሞ 20 ብቻ ይቀራል። ለመመለሻ የሚተርፈው ከዚህም ከፊሉ ነው። ማርሹ ዞሮ ሲመጣ ፒስተኑ ገና በመንገድ ላይ ከሆነ፣ የብረቱ ጥርስ የፕላስቲኩን ጥርስ በማይገባው ቦታ ይገጥመዋል። ሳጥኑን ሲከፍቱት በቅባቱ ውስጥ የተበተነ የፕላስቲክ ፍርፋሪ፣ ጥርሱ እንደ አዛውንት ድድ የተመለጠ ፒስተን ያገኛሉ። አምራቾቹ ፒስተኑን ከፕላስቲክ መሥራታቸውን እንደ ስስት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ግን ጥበብ ይመስለኛል። አንድ ነገር መሰበር ካለበት ርካሹ ይሰበር።

ባለሙያዎቹ ለዚህ ችግር ያበጁት ዘዴ ብዙ ነው። ፒስተኑን በመሰርሰሪያ እየበሱ አቀለሉት፤ ቀላል ነገር ፈጥኖ ይመለሳልና። በፒስተኑ ላይ ማርሹ ቀድሞ ከሚያገኛቸው ጥርሶች ሁለተኛውን ሞርደው አነሡ፤ ማርሹ ጥቂት ቀድሞ ቢደርስ እንኳ የሚጋጨው እንዳይኖር ነው። የፒስተኑን ጥርሶች በሙሉ በብረት የተኩም አሉ። እንክብሏን ወደ አፈሙዙ የምትገፋው አፍንጫ ከፈጣኑ ማርሽ ጋር ወዲያ ወዲህ ስትል ካዝናው ሊያጎርሳት ጊዜ ስለሚያጣ፣ በማርሹ ላይ ትንሽ ፕላስቲክ ለጥፈው አፍንጫዋ ወደ ኋላ ተስባ ጥቂት እንድትቆይ አደረጉ። የካዝናውንም ሞላ አጠነከሩ። ቀላሉና ቀጥተኛው መፍትሔ ግን ዋናውን ሞላ ማጠንከር ነበር፤ ጠንካራ ሞላ ፒስተኑን በፍጥነት ይመልሰዋል። ሆኖም ጠንካራ ሞላ የእንክብሏን ኃይል ይጨምራል። ተፋትተዋል ያልኋቸው ፍጥነትና ኃይል በዚህች አንዲት ቦታ እንደ ገና ይገናኛሉ፤ ሕጉም የመጣው በዚህች ቦታ ላይ ነው።

በ1990ዎቹ በጃፓን ገበያ ለኃይል ማጠናከሪያ የሚሆኑ ሞላዎች በየሱቁ ይሸጡ ነበር። ዋና ዋናዎቹ አምራቾች በማኅበራቸው አማካይነት በራሳቸው ፈቃድ ወሰን ቢያበጁም፣ ዕቃው ከሱቅ ከወጣ በኋላ ባለቤቱ የሚያደርገውን የሚከለክል አልነበረም። በ2005 ኃይላቸው በተጨመረ ጠመንጃዎች በመንገድ ላይ በሚጓዙ ተሽከርካሪዎች ላይ መተኮሱ አገሩን አስቆጣ። በሚቀጥለው ዓመት የ1958ቱ ሕግ ተሻሻለ፤ ማሻሻያው ነሐሴ 21 ቀን 2006 ሥራ ላይ ዋለ። ከወሰኑ በላይ የሆነ መሣሪያ ያለው ሰው እንዲያስተካክለው ወይም እንዲያስወግደው ስድስት ወር ተሰጠው፤ ከየካቲት 2007 በኋላ ግን መያዙ ብቻ ወንጀል ሆነ።

የወሰኑ አለካክ ትኩረት የሚሻ ነው። ሕጉ የመረጠው መለኪያ የእንክብሏ ኃይል በስፋቷ ሲካፈል የሚገኘውን ነው፤ በካሬ ሴንቲ ሜትር 3.5 ጁል። አሳቡ ግልጽ ነው፤ ቆዳን የሚበሳው ኃይሉ ብቻ ሳይሆን ኃይሉ ያረፈበት ቦታ ጠባብነት ጭምር ነው። ለ6 ሚሊ ሜትር እንክብል ይህ ወደ 0.98 ጁል ይመጣል፤ 0.2 ግራም የምትመዝን እንክብል በሰከንድ 99 ሜትር ስትጓዝ የሚኖራት ኃይል ነው። ሕጉ በአንዲት እንክብል ላይ እጅግ ጠንቃቃ ነበር። ስለ እንክብሎቹ ቁጥር ግን አንድ ቃል አልተናገረም። በሰከንድ 25 የሚተኩስ፣ እያንዳንዷ እንክብል በወሰኑ ጫፍ ላይ የሆነች ጠመንጃ በአንድ ሰከንድ 24.5 ጁል ታወርዳለች፤ በሕግ ፊት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ከምትተኩሰው ጋር እኩል ናት። ይህን የምለው ሕግ አውጪውን ለመንቀፍ አይደለም። 25 እንክብሎች የቱንም ያህል ቢሆኑ አንዲቱ ያልበሳችውን ቆዳ በአንድነት እንደማይበሱ ማሰቡ ትክክል ነበር።

ከ2006 በፊት ሞላ ማጠንከር ከሁሉ የቀለለ የፍጥነት መንገድ ነበር፤ አሁን ያ መንገድ ወደ ወንጀል የሚያደርስ ሆነ። ለፍጥነት ለሚተጋው ባለሙያ ብርቱ ሞላና ደካማ እንክብል በአንድነት የሚገኙበት ዘዴ አስፈለገው። ያም ዘዴ ምት ማሳጠር ነው። ከሦስተኛው ማርሽ የመጨረሻ ጥርሶች ሁለት ወይም ሦስት ያህሉ ይሞረዳሉ። ፒስተኑ እስከ መጨረሻው ሳይሳብ በመንገድ ይለቀቃል። ሞላው ጠንካራ ቢሆንም የታመቀው በከፊል ነውና ለእንክብሏ የሚሰጣት ኃይል ከወሰኑ በታች ሊቆይ ይችላል፤ ፒስተኑም የሚመለሰው አጭር መንገድ ስለሆነ ቀድሞ ይደርሳል። ይህ ብልሃት ከ2006 በፊትም የታወቀ፣ ከጃፓን ውጭም የሚሠራበት ነው። በሌላ አገር ግን ከብዙ ምርጫዎች አንዱ ሲሆን፣ በጃፓን ሕጉ ባበጀው ጠባብ በር የሚያስገባ ዋና መንገድ ሆነ። እያንዳንዱ የተሞረደ ጥርስ የኃይል መለኪያ መሣሪያን ቁጥር እያዩ የተሞረደ ነው፤ አንድ ጥርስ በዛ ሲባል እንክብሏ ትደክማለች፤ አንድ ሲያንስ ባለቤቱ ሕግ ይተላለፋል።

ይህ ምኞት በጓሮ ብቻ አልቀረም። ቶኪዮ ማሩይ ራሱ «ሃይ ሳይክል» ብሎ የሰየማቸውን፣ በሰከንድ 25 ያህል የሚተኩሱ ጠመንጃዎች ከፋብሪካው አዘጋጅቶ ሸጠ። 25 በሰከንድ ማለት 1,500 በደቂቃ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፍጥነቱ የተፈራው የጀርመኑ ኤምጂ 42 በደቂቃ 1,200 ያህል ይተኩስ ነበር። አሻንጉሊቱ ቅጂ ከተባለለት ዕቃ ሁሉ ቀድሞ ሄደ ማለት ነው፤ በመልክ ታማኝ የነበረው ዕቃ በጠባዩ ታማኝነቱን ተወ። ካዝናው ይህን አይችልም፤ 68 እንክብል የሚይዘው የኤም 16 ካዝና ከ3 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ባዶ ይሆናል፤ 300 የሚይዘውም 12 ሰከንድ ብቻ ይቆያል።

እስከዚህ ድረስ የነገርኋችሁ ፍጥነት እንዴት እንደ ተቻለ ነው፤ ለምን እንደ ተፈለገ ገና አልመለስሁም። ለዚህ ወደ ሜዳው መሄድ ይኖርብናል። ጃፓኖች «ሰርቫይቫል ጌም» የሚሉት፣ በአጭሩ «ሳባጌ» ብለው የሚጠሩት ጨዋታ በጫካ ወይም በተዘጋጀ ሜዳ በሁለት ወገን ይደረጋል። የዓይን መከላከያ ግዴታ ነው። እንክብሏ እንደ ቀለም ኳስ በልብስ ላይ ምልክት አትተውም፤ ከርቀትም በዓይን አትታይም። ስለዚህ መመታቱን የሚያውቀው የተመታው ብቻ ነው። እርሱ እጁን አንሥቶ «ሂት!» ብሎ ይጮኻል፤ ከሜዳም ይወጣል። ዳኛ ቢኖርም ያላየውን ሊፈርድ አይችልም። ጨዋታው በሙሉ የቆመው በተሸናፊው ቃል ላይ ነው። በእኔ ግምት ይህ ከሁሉ መሣሪያ ታሪክ የተለየ ነገር ነው፤ የተኩሱ ውጤት የሚወሰነው በተተኮሰበት ሰው ሐቀኝነት ነው።

ተመትቶ ዝም ለሚል ሰው ተጫዋቾቹ ያወጡት ስም «ዞምቢ» ነው፤ ሞቶ የሚሄድ ማለት ነው። ስሙ ስድብ ነው። ነገር ግን ዝም ያለው ሁሉ አታላይ አይደለም። ከርቀት የደከመች እንክብል በወፍራም ልብስ ወይም በተሸከመው ቦርሳ ላይ ስታርፍ ላይሰማው ይችላል፤ ሲሮጥ ደግሞ የባሰ ነው። ተኳሹ ይህን አያውቅም፤ እንክብሏ ስትደርስ ያየ ይመስለዋል፤ ሰውየው ግን መሮጡን ቀጥሏል። በዚህች ቅጽበት በልቡ የሚነሣው ጥርጣሬ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ማርሾቹን ያስለወጠው ዋና ኃይል ነው። እንክብሏን አጠንክሮ ሰውየው በግድ እንዲሰማው ማድረግ በሕግ ተከልክሏል። የቀረው ማብዛት ነው። ሁለት እንክብል የካደ ሰው አሥር መካድ ያፍራል፤ ያልተሰማውም አንዷ ትሰማዋለች። ፈጣን ጠመንጃ የሚገዛው የተጋጣሚን ምስክርነት ነው።

ለዚህ የተከፈለው ዋጋ ግልጽ ነው። ሰው እንክብል ሲያርፍበት ተሰምቶት እስኪጮኽ ግማሽ ሰከንድ ይፈጅበታል ብንል፣ በሰከንድ 25 የሚተኩሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ 12 ያህል እንክብል ያወርድበታል፤ ተኳሹ ጩኸቱን ሰምቶ ጣቱን እስኪያነሣ ድረስ ሌላም ይጨመራል። ከቅርብ ርቀት በአንገት ወይም በጆሮ ላይ ሲሆን ጨዋታነቱ ይቀራል፤ ቆዳው ባይበሳም ያብጣል። ሐቀኛው ተጫዋች በአታላዩ ምክንያት ተቀጣ። ሕጉ ያልለካውን ነገር መለካት በሜዳ ባለቤቶች ላይ ወደቀ። እነርሱም በሰከንድ ስንት ተብሎ ለመቁጠር ከመድከም ይልቅ ቀላሉን መረጡ፤ በብዙ የጃፓን ሜዳዎች፣ በተለይም ጠባብ በሆኑትና ጣሪያ ባላቸው፣ አንድ ቃታ አንድ ተኩስ ብቻ የሚፈቀድበት ጨዋታ ተለመደ። ቃታውን ይዞ ማርከፍከፍ ቀረ።

በዚያው ሰሞን በሌላው ጫፍ ያሉት ባለሙያዎች ከምት ማሳጠር የመጨረሻ ደረጃ ደርሰው ነበር። ሦስተኛው ማርሽ ጥርሶቹ በሁለት ወገን ተከፍለው፣ በመካከላቸውም ሁለት ገላጣ ኖሮት ይሠራል፤ አንድ ዙር ሁለት ተኩስ ይሰጣል። በሰከንድ 40፣ 50ና ከዚያም በላይ የሚባለው የሚገኘው በዚህ ማርሽ ነው። በትርዒት ላይ ድምፁ እንደ ጨርቅ መቅደድ ነው። አንድ በአንድ እንዲተኩስ ማድረግ ግን ያስቸግራል፤ ሞተሩ ከፍጥነቱ የተነሣ ቆሞ ሳይቆም ሁለተኛው ተኩስ ያመልጣል። አንድ ብቻ በሚፈቀድበት ሜዳ ለባለቤቱ አይረባውም።

የሜዳው ደንብ ሲጠብቅ ባለሙያዎቹ መሣሪያቸውን አላስቀመጡም፤ የሚለኩት ነገር ተለወጠ እንጂ። አሁን የሚፎካከሩት በሰከንድ ስንት ይተኮሳል በሚለው ሳይሆን ቃታው ከተሳበበት እስከ እንክብሏ መውጣት ባለው ጊዜ ላይ ነው። ለፍጥነት የተሠራው አጭር ምት፣ ብርቱው ሞተርና ሞስፌት በሙሉ ለዚህ አገልግሎት ዞሩ። ሞስፌቱ ቃታው ሲለቀቅ የሞተሩን ሁለት ጫፎች አገናኝቶ በድንገት ያስቆመዋል፤ ረቀቅ ያለው ደግሞ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ፒስተኑን ከፊል መንገድ ስቦ ሞላውን እንደ ታመቀ ያቆየዋል፤ ለቀጣዩ ተኩስ ማርሹ የሚጠበቅበት ጥቂት ጥርስ ማለፍ ብቻ እንዲሆን ነው። ጥቅሙ የሚቆጠረው በሚሊ ሰከንድ ነው። ችግሩም አለ፤ እንዲህ ታምቆ የቆየ ሞላ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ካልተለቀቀ ይደክማል፤ የደከመውን ሞላ የሚተካ ሰውም የኃይል መለኪያውን እንደ ገና አውጥቶ 0.98ን ማየት ይኖርበታል።